ለአንድ ምስል ሦስት ቁጥር

ይድረስ ለምወድሽ እኅት ዓለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚሁ አሜሪካ በቆዳ ሐኪም ቢሮ የኮዲንግ፣ ማለትም ሕክምናውንና በሽታውን በቁጥር እየጻፉ ለኢንሹራንስ ሂሳብ የመላክ፣ ሥራ መጀመርሽን ገልጸሽልኝ፣ «ለአንድ ምስል ስለ ምን ሦስት ቁጥር አስፈለገው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት ጥያቄሽን አቅልዬ አይደለም፤ ያን ጊዜ እኔው ራሴ በዚሁ ጉዳይ ስሕተት ሠርቼ ስለነበር፣ ነገሩ ሳይቃና ለሌላ ሰው ለማስረዳት ድፍረት አጥቼ ነው። ይቅርታሽን እየለመንሁ አሁን ከነታሪኩ እጽፍልሻለሁ።

የጠየቅሽኝ ስለ ኮንፎካል ማይክሮስኮፒ ነበር። እኔ ኮዶቹ በትክክል የገቡኝ ምርመራው በሚካሄድበት ክፍል ቆሜ ካየሁ በኋላ ነው። ባለሙያዋ በታካሚው ጀርባ ላይ ባለው ጥቁር ምልክት አንዲት ጠብታ ዘይት ታደርጋለች፤ ትንሽ ክብ መስኮት ከቆዳው ጋር ታጣብቅና የማይክሮስኮፑን ራስ ትገጥምበታለች። ከዚያ በኋላ ደካማ የሌዘር ብርሃን፣ ቆዳው ሳይቆረጥና ሳይደማ፣ ከላይኛው ሽፋን ጀምሮ እስከ ሩብ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለውን በየንብርብሩ ያነሣል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጥቁርና ነጭ ምስል ሴል ከሴል የሚለይበት ነው። ባለሙያዋ ግን ምስሉን ታነሣለች እንጂ ስለ ምንነቱ አትወስንም። ውሳኔው ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ሐኪም ነው፤ እርሱም በዚያው ሕንፃ ወይም በሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ቁጥር ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ሲፒቲ የምንለው የኮድ መጽሐፍ፣ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚያወጣው፣ ሥራውን በሠሪው ይለየዋል፦ ማንሣቱም ማንበቡም በአንድ ቢሮ ከተከናወነ 96931፣ ማንሣቱ ብቻ ከሆነ 96932፣ ማንበቡና ሪፖርቱ ብቻ ከሆነ 96933 ይጻፋል። በዚያው ቀን ሌላ ምልክት ከታየ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ እንደ ቅደም ተከተላቸው 96934፣ 96935 ወይም 96936 ይታከላል፤ እነዚህ ተከታዮች ስለሆኑ ብቻቸውን አይቆሙም። በራጅ ሥራ ማንበቡን ከማንሣቱ ለመለየት ከኮዱ ጋር የምንጨምራቸው ሞዲፋየር 26 እና ቲሲም እዚህ አያስፈልጉም፤ ክፍፍሉ በቁጥሮቹ ውስጥ አለና።

የእኔ ስሕተት እንዲህ ነበር። አንዲት ወይዘሮ ሦስት ምልክቶች በእኛ ቢሮ ተነሥተውላቸው፣ ምስሎቹ ውጭ ላለ ሐኪም ተልከው ተነበቡ። እኔ ሪፖርቱ በፋይላቸው ውስጥ ተቀምጦ ስላየሁት ብቻ፣ በሥሩ ማን እንደፈረመበት ሳልመለከት፣ 96931 አንድ ጊዜና 96934 ሁለት ጊዜ ጽፌ ላክሁ። ኢንሹራንሱ ከፈለን። የአንባቢው ሐኪም ቢሮ የራሱን 96933 እና 96936 በላከ ጊዜ ግን «ቀድሞ የተከፈለበት» ተብሎ ውድቅ ሆነበት፤ ሂሳቡም ወደ ወይዘሮዋ ዞረ። ሴትዮዋ ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው መጥተው በመስኮቱ በኩል ጎን ለጎን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ቀኑ አንድ፣ ምርመራው አንድ፣ ጠያቂዎቹ ሁለት። «ልጄ፣ እኔ የታየሁት አንድ ጊዜ ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድምፃቸው ከጆሮዬ አልወጣም።

ማስተካከያው በራሱ ከባድ አልነበረም። ኢንሹራንሱ የግል ኩባንያ ስለነበረ፣ በክፍያ መጠየቂያው ቅጽ 22ኛ ሣጥን ላይ ቀድሞ የተላከውን የሚተካ መሆኑን የሚያመለክተውን 7 ቁጥርና የመጀመሪያውን ጥያቄ መለያ ጽፌ፣ በ96932 እና በሁለት 96935 ተክቼ ላክሁት። ከባዱ መጠበቁ ነበር፤ ትርፍ የወሰድነው እስኪመለስ፣ ሌላው ቢሮ እንደገና እስኪጠይቅና የወይዘሮዋ ዕዳ እስኪሰረዝ ወራት አለፉ።

ይሁንና ይበልጥ ያሳዘነኝ ያንኑ ፋይል ስመረምር ያገኘሁት ነው። በምርመራው ዕለት፣ ገና ባዮፕሲ፣ ማለትም የቆዳ ናሙና፣ ሳይወሰድ፣ የበሽታው ኮድ በሚጻፍበት መስመር ላይ D48.5 ተጽፎ ነበር። ብዙዎቻችን ይህን ቁጥር «ሐኪሙ ገና አላወቀም» ለማለት እንጽፈዋለን፤ ትርጉሙ ግን ያ አይደለም። ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ አይቶ ደግ ነው ወይም ክፉ (ካንሰር) ነው ብሎ ለመለየት ያልቻለው ዕጢ ማለት ነው፤ ስለዚህ ናሙና ሳይታይ ሊጻፍ አይገባም። ዕጢ መሆኑ ተጽፎ ጠባዩ ገና ያልተገለጸ ከሆነ ቁጥሩ D49.2 ነው። ሐኪሙ በግልጽ ማርያም የሳመችው የምንለው ተራ ምልክት መሆኑን ከጻፈም በD22 ሥር፣ ለምሳሌ በደረትና በጀርባ ከሆነ D22.5፣ ይገባል። ሜላኖማው፣ ማለትም ክፉው የቆዳ ካንሰር፣ ቀደም ብሎ ተቆርጦ የወጣለት፣ ሕክምናም ላይ የሌለ ሰው ቁጥሩ ደግሞ አሁን ላለ ሜላኖማ የሚጻፈው C43 ሳይሆን ቀድሞ ለነበረ የሚጻፈው Z85.820 ነው። እኅቴ ሆይ፣ ክፍያው ቢሳሳት ገንዘቡ ይመለሳል፤ በሰው መዝገብ ላይ የተጻፈ የዕጢ ስም ግን ከቢሮ ወደ ቢሮ፣ ከኢንሹራንስ ወደ ኢንሹራንስ እየተገለበጠ ይከተለዋል። ስለዚህ አሁን የፓቶሎጂው ውጤት በእጄ ሳይገባ D48.5 አልጽፍም፤ ሐኪሙ ቢቸኩል እንኳ በትሕትና እጠይቀዋለሁ።

መላ ሰውነትን በፎቶግራፍ ስለማንሣት የጠየቅሽኝ አጭር ነው። 96904 አስጊ ሁኔታ ላይ ላሉ፣ ማለትም ያልተለመደ ጠባይ ያላቸው ምልክቶች ለታዩባቸው ወይም እነርሱ ራሳቸው ወይም ቤተሰባቸው ሜላኖማ ለነበረባቸው ነው፤ ምክንያቱም በመዝገቡ ላይ በሐኪሙ ቃል መስፈር አለበት። የአንድ ምልክት ፎቶግራፍ በዚህ ቁጥር አይጠየቅም። በዴርሞስኮፕ፣ ማለትም በእጅ በሚያዝ የቆዳ ማጉያ፣ ማየት ደግሞ የጉብኝቱ አካል ስለሆነ የራሱ ኮድ የለውም።

አሁን አንድ ነገር አደራ ልበልሽ፤ በቢሮሽ የኮንፎካሉን ምስል የሚያነበው ማን እንደሆነና ሂሳቡን በማን ስም እንደሚልክ አስቀድመሽ ጠይቂ። ሪፖርቱን ስታገኚ ከላይ ከማንበብሽ በፊት ፊርማውን ተመልከቺ። ያገኘሽውን መልስ ጻፊልኝ፤ እኔም በዚህኛው ጊዜ አላቆይሽም።

ናፋቂ ወዳጅሽ