ለልጄ፦ ስለ ትንንሾቹ ቃላት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የመሐል ሜዳ ብርድ እንደምታውቂው ነው። ይህንንም የምጽፍልሽ ባናዬን ተከናንቤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነው።

እሑድ ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ስጨቀጭቅሽ ነገርሽኝ። "እማዬ፣ ሃይፐርቴንሽንን ከነስፔሊንጉ አውቀዋለሁ፤ የጣለኝ 'ራን' ነው" አልሽ። "ራን" ብሎ በሽተኛው ትኩሳት አለው የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንቺ መሮጥ ብቻ መስሎሽ በሽተኛው እየሮጠ ነው ብለሽ ተረዳሽው። አብረውሽ የሚማሩት ልጆችም ሳቁብሽ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። 30 ዓመት በነርስነት ስሠራ ያስቸገሩኝ እነዚሁ ቃላት ናቸው። ይህን ሳልነግራት እንዴት ላክኋት ብዬ ራሴን ወቀስኩ።

መጀመሪያ ይህን ስሚኝ። "ራን" ያስቸገረው አንቺን ብቻ አይደለም። ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የኦክስፎርዱ ነው። በፈረንጆች 1989 የወጣው ሁለተኛው እትም 20 ጥራዝ ነው። እዚያ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው "ሴት" የተባለው ቃላቸው ነበር። የእኛን ሴት ማለቴ አይደለም፤ ማስቀመጥ፣ ማዘጋጀት፣ የፀሐይ መጥለቅ፣ ሌላም ሌላም የሚሆነውን ነው። ለግሱ ብቻ 430 ትርጉም ተዘርዝሮለት ነበር። በኋላ አዘጋጆቹ መዝገቡን ሲከልሱ ግን "ራን" በለጠው። ግሱ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጠረለት። አንቺ የሳትሽው ከ645ቱ አንዱን ነው።

አፍንጫ "ራን" ካደረገ ንፍጥ እየወረደ ነው። መድኃኒቱ "ራን አውት" አደረገ ከተባለ አልቋል። ክሊኒክ "ራን" የምታደርግ ሴት ክሊኒኩን የምታስተዳድር ናት። ምርመራም "ራን" ይደረጋል። ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ የሚሮጥ ሰው የለም።

እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቁ የሕክምና ቃል አንድ ሥራ ይዞ የተቀመጠ ሹም ነው። ሃይፐርቴንሽን ዛሬም ነገም የደም ግፊት ነው። ትንሹ ቃል ግን የቤቱ ታናሽ ልጅ ነው። ውሃ ቅዳ ሲሉት ይሄዳል፣ እሳት ጫር ሲሉት ይመጣል፣ ከብት መልስ ሲሉት ይሮጣል። ማን እንደላከውና ወዴት እንደላከው ካላየሽ ምን እየሠራ እንደሆነ አታውቂም።

ደግሞ ይህ ለአንቺ አዲስ ነገር አይደለም። "ያዘ" የሚለውን ቃላችንን እዪው። ጉንፋን ያዘኝ። ቀጠሮ ያዝኩ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። ልጅቷ ትምህርት ቶሎ ትይዛለች። አንድም ቀን ግራ ገብቶሽ አያውቅም፤ እያንዳንዱን ከነጎረቤቱ ነው የለመድሽው። የእንግሊዝኛውን ግን ከጎረቤቱ ነጥለን፣ በግራ በኩል ቃሉን በቀኝ በኩል ፍቺውን ጽፈን፣ "ቴክ ማለት መውሰድ" ብለን አስሸመደድናችሁ። ጥፋቱ የእኛ የታላላቆቻችሁ ነው። የሰውነት ሙቀት "ቴክ" ሲደረግ ማንም ምንም አይወስድም፤ ይለካል እንጂ። አንዲት ልጅ እናቷን "ቴክ አፍተር" ካደረገች ደግሞ እኛ በእናቷ ወጣች የምንለው ነው። እነሱ ወሰደች ይላሉ፣ እኛ ወጣች እንላለን።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። እስከ ዛሬ ለማንም በዝርዝር አልነገርኩትም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ስኳር ሳይኖርባቸው አይቀርም ተባለ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ "ፋስቲንግ" ብሎ ጻፈ። ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበሉ የደም ስኳር መለካት ማለት ነው። እኔ ወረቀቱን አየሁና "እማማ፣ ነገ ጾመው ይምጡ" አልኳቸው። በቃ፣ ይችን ብቻ። ፋስት ማለት ጾም ነው፤ መዝገበ ቃላቱም የሚለው እንደዚያ ነው።

በማግስቱ መጡ። ሦስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው፣ የቀሚሳቸው ጠርዝ በጤዛ ርሶ። ደሙ ተወሰደ። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድ ነገር ጠረጠርኩና "እማማ፣ ምግብ ቀምሰዋል እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ኧረ ጾሜ ነው የመጣሁት ልጄ! ቅቤ አልነካሁ፣ ወተት አልነካሁ። መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ ዳቦ በሻይ ብቻ ነው የቀመስኩት" አሉኝ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር።

ልክ ነበሩ እኮ። በእሳቸው ቋንቋ፣ በእኔም በእናቴም ቋንቋ፣ ጾም ማለት ፍስክ አለመንካት ነው። ጾመኛ ሰው ሽሮ ይበላል፣ ዳቦ ይበላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ፋስት ግን ባዶ ሆድ ነው። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ቃል በቃል ለወጥኩ እንጂ ነገሩን አላሻገርኩም። እኚያን እናት በዚያው መንገድ እንደገና አስመጣኋቸው። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። "እሺ ልጄ" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ጀርባቸው አሁንም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ "ማታ ከራት በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ፣ በባዶ ሆድዎ ይምጡ" ነው የምለው። አንቺም እንዲሁ በዪ።

ፋስት ደግሞ ጾም ብቻ አይደለም። ፈጣንም ነው። ጠብቆ የታሰረ፣ የማይነቃነቅም ነው። እንዴት አንድ ቃል የሚሮጠውንም የማይነቃነቀውንም ይሆናል ብዬ ብዙ ጊዜ ተገርሜያለሁ። መነሻው ጠንካራ፣ ጥብቅ ማለት ነበር። ጾሙ ራስን አጥብቆ ከመያዝ መጣ፤ ፍጥነቱ ደግሞ አጥብቆ፣ በርትቶ ከመሄድ። ሥሩን ሳይ ገባኝ።

ሲገጥም ደግሞ እዪው። "ብሬክ" መስበር ነው፣ "ፋስት" ጾም ነው፣ ሁለቱ ሲገጥሙ "ብሬክፋስት"፣ ቁርስ። የሌሊቱን ጾም መስበር ማለት ነው። የእኛ ቁርስስ ከምን መጣ? ከቆረሰ አይደለም? እነሱ ጾሙን ሰበሩ፣ እኛ እንጀራውን ቆረስን። ይህን ያወቅሁ ቀን ብቻዬን ፈገግ ስል ነው የዋልኩት። እዚያው "ብሬክ" ላይ "አውት" ቅጠዪበት፣ "አውትብሬክ" ወረርሽኝ ይሆናል። ሰበር ዜና የምንለውም ከዚሁ ቃል ተተርጉሞ የመጣ ነው። እሱ እንኳ እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል።

ዎርድ፣ በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል ማለቴ ነው፣ ስትገቢ "ስቱል" የሚል ትሰሚያለሽ። ስቱል በርጩማ ነው። ሐኪም ቤት ግን ሰገራ ነው። እንግሊዞቹ ድሮ የሚጸዳዱበት መቀመጫ ስሙ ስቱል ስለነበር ነው፤ ነገሩን በስሙ መጥራት ቢያሳፍራቸው በመቀመጫው ጠሩት። ይህን የሰው ይሉኝታ እወድላቸዋለሁ። እኛም ያው ነን። የመንዝ ገበሬ መጥቶ "አስቀመጠኝ" ይልሻል። ወንበር ሰጡኝ ማለቱ አይደለም፤ ተቅማጥ ይዞታል። ተቅማጥ ራሱ ከመቀመጥ የወጣ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች አንድ ዓይነት መሸፈኛ አገኙ።

"ሃርትበርን" ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ። ሃርት ልብ ነው፣ በርን ማቃጠል ነው። ሲገጥም ግን የልብ በሽታ አይደለም፤ ቃር ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ወደ ጉሮሮ ሲመለስ የሚያቃጥለው። የሚያስቸግረው ደግሞ የእኛም ሰው "ልቤን ያቃጥለኛል" ማለቱ ነው። ሁለቱም ቋንቋ ልብ ይላሉ፣ የታመመው ጨጓራ ነው። ስለዚህ "ልቤን" ያለሽን ሰው ዝም ብለሽ አትጻፊ። "የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ" በዪው። አንዳንዴ ደግሞ እውነት ልብ ይሆናልና እንደ ዋዛ አትለፊው።

"ፔሸንት" ታካሚም ነው፣ ታጋሽም ነው። በላቲን ሥሩ መከራን መቀበል፣ መቻል ማለት ነው። ከዎርድ በር ላይ ባየው ደስ የሚለኝ ቃል ይህ ነው።

ሁሉም ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ግን ከአንድ ሥር የበቀለ እንዳይመስልሽ። "ሴል" ከአንድ ሥር ነው። በላቲን ትንሽ ክፍል ማለት ነው። መነኩሴ የሚጸልይባት በዓት ሴል ናት። እስረኛ የሚዘጋባትም ሴል ናት። በ1665 ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ቡሽ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ጥቃቅን ክፍሎች ተደርድረው አይቶ ነበርና ሴል አላቸው። እኛ ህዋስ የምንለው ነው። የባትሪ ድንጋይም ሴል ነው። የእጅ ስልክም "ሴል ፎን" የተባለው ኔትወርኩ አገሩን በትንንሽ ክፍል ከፋፍሎ ስለሚያዳርስ ነው። በአእምሮሽ አንዲት ጠባብ ክፍል ሳዪ፣ ሁሉም ውስጧ ይገባልሻል።

"ላይት" ግን እንዲህ አይደለም። ብርሃን ነው፣ ደግሞ ክብደት የሌለው፣ ቀላል ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ብርሃን ስለማይመዝን ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። በጥንት ከተለያየ ሥር የመጡ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ከጊዜ በኋላ ድምፃቸው ተገናኘ። ደብረ ብርሃንን በእንግሊዝኛ ልተርጉም ብትዪ ያለጥርጥር የመጀመሪያው ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ቦታውን እንዲህ ያሉት። በሽተኛ "ላይት" ምግብ ይብላ ከተባለ ግን ሁለተኛው ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ጆሮሽን ስጪው። በእኛ ጊዜ የራጅ ፊልም የሚታጠብበት ክፍል "ዳርክሩም" ይባል ነበር፤ ዳርክ ጨለማ፣ ሩም ክፍል ነው። "ዳርክ" ላይ ጫን ብለሽ፣ ገጥመሽ ስትዪው የፊልም ማጠቢያው ነው፤ መብራት ቢበራበትም ያው ዳርክሩም ነው። "ሩም"ንም ጫን ብለሽ፣ ለያይተሽ ካልሽው ግን መብራት የጠፋበት የትኛውም ክፍል ነው። የእኛን "ገና" አስቢ። ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ነው፤ ጠብቆ ሲነገር የታኅሣሥ 29 በዓል ነው። ፊደሉ አይነግርሽም፣ ድምፁ ነው የሚነግርሽ። አማርኛ ተናጋሪ የሚጠብቀውንና የሚላላውን እየለየ ያደገ ነውና ይህ አይከብድሽም።

ጓሳ የሄድን ጊዜ ያየናትን ቀይ ቀበሮ ታስታውሻለሽ? ሣሩ ውስጥ አይጥ ልትይዝ ስታደባ፣ ትንፋሻችንን ይዘን ቆመን ነበር። አንቺ የዚያን ጊዜ አብሮን ለነበረው እንግዳ "ሬድ ፎክስ" አልሽው። ቃሎቹ ልክ ነበሩ፣ እንስሳዋ ግን ተሳሳተች። ሬድ ፎክስ የሚሉት ሌላ አውሬ ነው፣ አውሮፓም ሞልቷል። የእኛዋ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም። በእንግሊዝኛ "ኢትዮጵያን ዎልፍ" ናት፤ ዝምድናዋ ከተኩላ ስለሆነ። የተጋጠመ ስም ፈትተሽ ስትገጥሚው ሌላ ነገር ሆኖ ይነሣብሻል። እንደ አንድ ቃል ያዢው።

እንግዲህ እኔ የማደርገውን ልንገርሽና ላብቃ። ደብተርሽ ላይ ቃል ብቻውን አትጻፊ፤ ያገኘሽበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፊ። "ፑት ማለት ማስቀመጥ" ብለሽ ሳይሆን ነርሷ ጓንት ስታጠልቅ "ፑት ኦን"፣ ቀጠሮ ሲተላለፍ "ፑት ኦፍ" ብለሽ። ያልገባሽን ደግሞ እዚያው ጠይቂ። ይሳቁ። አንቺ ስትጠይቂ የሚስቁት ልጆች ነገ አንዲትን እናት ሦስት ሰዓት በከንቱ እንዳያስኬዱ እፈራለሁ።

በሶና የገብስ ቆሎ በመኪና ልኬልሻለሁ፤ ዓርብ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። ቆሎው ውስጥ በፌስታል የጠቀለልኩት ያ አሮጌው ደብተሬ ነው። አንዳንዱ ገጽ አዮዲን ፈስሶበታል፣ ግን ይነበባል። እሑድ ስትደውዪ "ፑት" ያለበትን አዲስ ዓረፍተ ነገር አንብቢልኝ፤ እኔም ያላወቅሁት ካለ እጽፈዋለሁ።

እናትሽ
ከመሐል ሜዳ