ከባለቤቴ ጋር ልሠራ ነው፤ ሕጉን በአንድ ገጽ ጻፉልን

ግልጽ ደብዳቤ ለእንግሊዝ የግብር መሥሪያ ቤት (ኤችኤምአርሲ) እና ለኦፍስቴድ (የትምህርትና የሕፃናት እንክብካቤ ተቆጣጣሪ) ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ባለቤቴ ለንደን ውስጥ፣ እዚሁ ቤታችን፣ ሕፃናት የምትጠብቅ የተመዘገበች ቻይልድማይንደር ናት። ሥራው ስለበዛባት እኔም የራሴን ትቼ አብሬያት ልሠራ ወስነናል። እንደኛ የወሰኑ ሌሎች የሐበሻ ቤተሰቦችም አውቃለሁ። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ባል ወይም ሚስት እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ሲገባ በሁለታችሁ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ፣ ተነጋግራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉልን።

አሁን መልሱ ለሁለት ተከፍሏል። ኦፍስቴድ የሚያየው የልጆቹን ደህንነት ነው፤ ትክክልም ነው። በእሱ ዓይን እኔ ረዳት ነኝ። የዲቢኤስ (የወንጀል መዝገብ) ምርመራ ማለፍ አለብኝ። የሕፃናት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስጄ ወላጆች ከፈቀዱ፣ በቀን ቢበዛ 2 ሰዓት ብቻዬን ከልጆቹ ጋር መቆየት እችላለሁ። እንደ ባለቤቴ ቻይልድማይንደር ልሁን ካልኩ ግን በራሴ ስም መመዝገብ ይኖርብኛል።

ኤችኤምአርሲ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የሚያዘው ማነው? ትርፍና ኪሳራው የማን ነው? ረዳት በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ "ሰልፍ ኢምፕሎይድ (የራሴ ተቀጣሪ) ነኝ" ማለት ብቻውን አያዋጣም። ተቀጣሪ ከሆንኩ ባለቤቴ አሠሪ ሆና መመዝገብና ደመወዜን በፔሮል (በደመወዝ መክፈያ መዝገብ) ለኤችኤምአርሲ ማሳወቅ ሊኖርባት ነው። ሽርክና ከመረጥን ደግሞ ሽርክናው የራሱን የግብር ማስታወቂያ ያቀርባል፣ እኔና እሷም ለየብቻ እናቀርባለን። ታዲያ ኦፍስቴድ ዘንድ ረዳት የተባልኩ ሰው ኤችኤምአርሲ ዘንድ የትርፍ ሸሪክ መሆን እችላለሁ? አንድ የሂሳብ ባለሙያ "ይቻላል" አለን። ሌላው "አትሞክሩት" አለን።

በኛ ሰው ዘንድ የሚበዛው ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ያለው ነው። ዝም ብሎ ማገዝ። "የገዛ ቤቴ፣ የገዛ ሚስቴ፣ ምን ደመወዝ ያስፈልጋል?" ይባላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ሙሉ የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት በአብዛኛው የ35 ዓመት የናሽናል ኢንሹራንስ (የመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) መዝገብ ያስፈልጋል። ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምንም የለም። በ40 ዓመቱ እዚህ አገር የገባ ሰው የሚያባክነው ዓመት የለውም። ሕፃናት ሲያበላ፣ ሲያስተኛ፣ ዳይፐር ሲቀይር የከረመበት ዓመት መዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በ2025/26 የግብር ዓመት ግን ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ቢያንስ 125 ፓውንድ በፔሮል የተከፈለው ተቀጣሪ፣ መዋጮ ባይቆረጥበት እንኳ፣ ዓመቱ ይቆጠርለታል። ይህን ስንቶቹ ያውቃሉ?

ደመወዙ የእውነት መሆን እንዳለበት እናውቃለን። ከሂሳቧ ወጥቶ እጄ መግባት አለበት፤ ከሠራሁት ሥራ ጋርም መመጣጠን አለበት። በዚህ አንከራከርም። ግን ተመጣጣኝ የሚባለው ስንት ነው? አሠሪው ቤት አብሮ የሚኖርና በቤተሰቡ ንግድ የሚሠራ የቤተሰብ አባል ከዝቅተኛው ደመወዝ ሕግ ውጪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መነሻ የምናደርገው ቁጥር እንኳ የለንም።

ገጹ ላይ ባልና ሚስት ያሉበት ምሳሌ ከነቁጥሩ አስገቡ። አንዱ በቅጥር፣ አንዱ በሽርክና ይሁን። ኦፍስቴድም አዲስ ረዳት ሲነገረው በሚልከው መልስ ላይ ወደዚያ ገጽ የሚመራ አንድ መስመር ይጨምር። ብዙ ቤተሰብ ግብር ትዝ የሚለው የግብር ማስታወቂያ ማቅረቢያው ቀን፣ ጃንዋሪ 31፣ ሲቃረብ ነው፤ ለግብር መመዝገቢያው ቀን፣ ኦክቶበር 5፣ ያኔ አልፏል።

ወደ አማርኛና ትግርኛ መተርጎሙን እኛው ልንሠራው እንችላለን። የሚተረጎመውን ገጽ ግን መጻፍ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በለንደን የአንዲት ቻይልድማይንደር ባለቤት