ጨለማው ከካሜራው ብቻ አልመጣም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በ2019 እ.ኤ.አ. የታየው የቴሌቪዥን ድራማ፣ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ስምንተኛ ምዕራፍ በተነሳ ቁጥር ወሬው የንግሥቲቱ ገጸ ባሕርይ የዴኔሪስ ድንገተኛ መለወጥ ነው። ልክ ነው፤ ቀድሞ በ10 ክፍል ይተረክ የነበረው በ6 ታጭቆ መንገዷ ተቆርጧል። ሦስተኛው ክፍል ግን ሌላ ጣጣ አለው። 82 ደቂቃ የሚፈጀው የዊንተርፌል ምሽግ ውጊያ በሰሜን አየርላንድ ብርድ 55 ሌሊት ተቀርጾ፣ ብዙ ሰው ቤቱ ያየው ጥቁር ስክሪን ነበር።

ፊልም አንሺዎቹ ሆን ብለው አጨልመውታል። ያባሰው ግን ምስሉ በኬብልና በኢንተርኔት ለመላክ ሲጨመቅ ነው፤ ጭመቃው ቀድሞ የሚበላው በአንዱ ጥቁርና በሌላው ጥቁር መካከል ያለውን ስስ ልዩነት ነው። ጭስና በረዶ ሲታከልበት ሰማዩ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይቆራረሳል።

ክፍሉን ዳግም የሚያይ ሰው የሳሎኑን መብራት ያጥፋ። የቴሌቪዥኑን የምስል ምርጫ ከ«ስታንዳርድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ይቀይር፤ ኃይል ቆጣቢውንም ይዝጋ፣ ሳሎኑ ሲጨልም የስክሪኑን ብርሃን ይባስ የሚቀንሰው እሱ ነውና። ብራይትነስ መጨመር ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። የብሉሬይ ዲስክ ከተገኘ እሰየው፤ ጭመቃው በጣም ያነሰ ነው።

የጦር አሰላለፉን ግን የትኛውም ቴሌቪዥን አያድነውም። ድንጋይ ወንጫፊዎቹ ከእግረኛው ፊት ተገትረዋል፣ የእሳቱ ቦይ ከሠራዊቱ ጀርባ ተቆፍሯል። ፈረሰኞቹ ዶትራኪዎችማ ጠላት የት እንዳለ እንኳ ሳያዩ ወደ ጨለማው ጋለቡ!

አክባሪ አንባቢያችሁ