ሰዋስውን ከግጥም አንለይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአራት ኪሎና በፒያሳ ፎቶኮፒ ቤቶች የሚባዛው የእንግሊዝኛ ወርክሺት አብዛኛው ባዶ ቦታ መሙላትና ምርጫ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በምርጫ ስለሆነ አይገርምም። ግጥም ሲደርስ ደግሞ መምህሩ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ተማሪው ‹‹ሲሚሊ››፣ ‹‹ሜታፎር›› የሚሉ የዘይቤ ስሞች ጽፎ ያልፋል። ሰዋስው ሌላ ቀን፣ ግጥም ሌላ ቀን። በቅኔ ቤት ይህ ልማድ የለም፤ ተማሪው ግስ እያጠና ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ የቆጠረውን (አስቦ ያዘጋጀውን) ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ሲታረም ሰዋስዉም አብሮ ይገባዋል።

ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ግጥም የሚሰናከሉት ቃላት ስላጠራቸው ብቻ አይደለም። የአማርኛ ሐሳብ በማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ በሚመጣ ግስ፣ ስለሚዘጋ፣ ስንኙ ሲያልቅ ሐሳቡም ያለቀ ይመስላቸዋል። እንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግሱን ከባለቤቱ ያስከትላል፤ ሐሳቡም ስንኝ ተሻግሮ ሊሄድ ይችላል። ገጣሚው ‹‹ዳርክ ዋዝ ዘ ናይት›› ብሎ የቃላቱን ተራ ሲገለብጥማ ተማሪው ‹‹ዳርክ››ን ባለቤት ያደርገዋል።

ሁለቱን አብሮ ለማስተማር ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ስንኝ ይበቃል። መምህሩ ሳይተረጉም ሁለቴ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የሚቆመው ነጥብ ላይ እንጂ ስንኝ መጨረሻ ላይ አይሁን። ተማሪዎች ግሱን በእርሳስ ያስምሩ፣ ባለቤቱን ያክብቡ፣ በቀስት ያገናኙ። ‹‹ዘ ሳውንድ ኦቭ በርድስ›› ካለ በኋላ ‹‹ፊልስ›› (ይሞላል) ማለት ሲገባው ‹‹ፊል›› የሚል ተማሪ ስህተቱን በቀስቱ ያየዋል፤ ቅርብ ያሉት ወፎቹ አሳስተውታል እንጂ ባለቤቱ ድምፁ ነው። ከዚያ ግጥሙን በስድ ንባብ ተራ ይጻፉት፦ ‹‹ዘ ናይት ዋዝ ዳርክ››። ሁለቱን አከታትለው ያንብቡና ጨለማው ቀድሞ መምጣቱ ምን እንደለወጠ ይጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ 10 ደቂቃ ቢሰጠው አይቆጭም፤ ማጣጣም የሚጀምረው እዚህ ነውና።

ቤት መምታቱም በዓይን አይፈለግ። በአማርኛ የመጨረሻው ፊደል ከገጠመ ጆሮም ይገጥማል። በእንግሊዝኛ ‹‹ላቭ›› እና ‹‹ሙቭ›› ሁለቱም በኦ፣ በቪና በኢ አልቀው አይገጥሙም፤ ‹‹ስካይ›› (ሰማይ) እና ‹‹ሃይ›› (ከፍ ያለ) ግን በአጻጻፍ ተራርቀው ይገጥማሉ። ደብተር ተከድኖ ማዳመጥ ይቅደም።

50 ተማሪ ባለበት ክፍል ለአምስት ተማሪ አንድ ኮፒ ይበቃል። ሲባዛ ግን በስንኞቹ መካከል ሰፊ ቦታ ይተው፤ ቀስቱና መስመሩ መግቢያ ይፈልጋሉ።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን
ከአራት ኪሎ