የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በእስክንድርያ ስለሚጎበኟቸው ቦታዎች ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ተማሪዎቻችን በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ግብፅ፣ እስክንድርያ ለሚያደርጉት የትምህርት ጉዞ ፈቃዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ልጆቻችሁ በዚያች ከተማ ምን እንደሚያዩና ቦታዎቹ ለምን እንደተመረጡ በዝርዝር ማወቅ ይገባችኋል ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌላችኋለሁ። ከፒራሚዶቹ ይልቅ የወደብ ከተማዋ ለምን እንደተመረጠች ለጠየቃችሁኝ ወላጆች መልሴ ልጆቻችን በሒሳብ፣ በጂኦግራፊና በታሪክ ከሚማሩት ብዙው በዚያች ከተማ ስላለፈ፣ ከአገራችንም ጋር በእምነትና በውኃ የተሳሰረች ስለሆነች ነው የሚል ነው።

ሰፊውን ጊዜ የመደብነው ለቤተ መጻሕፍቱ ነው። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 በቆረቆራት በዚህች ከተማ የነበረው ጥንታዊው ቤተ መጻሕፍት ጠፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመረቀው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ግን 160 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጣሪያው ወደ ባሕሩ አዘንብሎ፣ በአስዋን ግራናይት የተሠራው ውጫዊ ግድግዳውም ከዓለም ዙሪያ በተሰበሰቡ የ120 ያህል የጽሕፈት ሥርዓቶች ፊደላት ተቀርጾ ይታያል። እያንዳንዱ ተማሪ ከግድግዳው የሚያውቃቸውን ፊደላት በማስታወሻ ደብተሩ ይገለብጣል።

በጥንቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ በዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ በዛሬዋ አስዋን ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ ስትሆን በእስክንድርያ ግን የቆመ ዘንግ ጥላ እንደሚጥል አስተውሎ፣ የጥላው ማዕዘን የክብ አንድ ሃምሳኛ መሆኑን ለክቶ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሃምሳ በማባዛት የምድርን ዙሪያ አስልቷል። የሒሳብ መምህራችን ይህንኑ ሥራ ለመድገም አቅደዋል፤ ተጓዦቹ በእስክንድርያ እኩለ ቀን፣ እዚህ የሚቀሩት ጓደኞቻቸው ደግሞ በዚያው ዕለት በአዲስ አበባ እኩለ ቀን በትምህርት ቤታችን ሜዳ አንድ ሜትር ዘንግ አቁመው ጥላውን ይለካሉ። የሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት 22 ዲግሪ ግድም መምጣት አለበት፤ ከዚያና ከካርታ ላይ ከሚያገኙት የሰሜን–ደቡብ ርቀት ተነሥተው የምድርን ዙሪያ ራሳቸው ያሰላሉ። መጓዝ የማይችሉ ተማሪዎች ከዚህ ትምህርት እንዳይቀሩ በብርቱ ስለምፈልግ የእነሱ ልኬት ከተጓዦቹ እኩል ውጤት ይያዝለታል።

ከዚያ የቀይትባይን ምሽግ ያያሉ። ሱልጣን ቀይትባይ እ.ኤ.አ. በ1477 ያሠራው ይህ ምሽግ የቆመው ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የነበረው የፋሮስ የመብራት ማማ በነበረበት ቦታ ነው። መርከቦችን ይመራ የነበረው ማማ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈረሰው በኋላ ድንጋዮቹ ከፊሎቹ ባሕር ውስጥ ቀርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ከምሽጉ አጠገብ ግዙፍ ድንጋዮችና ሐውልቶች አግኝተዋል።

በኮም ኤል ሾቃፋ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራውን የመቃብር ሥፍራ ልጆቹ ቀስ ብለው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ከመግቢያው ባሻገር የግብፃውያኑ የሙታን አምላክ አኑቢስ የቀበሮ ራሱን እንደያዘ የሮማ ወታደር ልብስ ለብሶ ተቀርጿል፤ ግብፅ፣ ግሪክና ሮም በአንድ ከተማ እንዴት እንደተቀላቀሉ ከዚህ ምስል የተሻለ የሚያስረዳ የመማሪያ ገጽ አላየሁም። የፖምፔ ዓምድ የሚባለውን፣ በእውነቱ ግን ለንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የቆመውን የግራናይት ዓምድ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2023 ዳግም የተከፈተውን የግሪክና የሮማ ሙዚየም በአጭሩ እናያለን።

በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራልም እንቆማለን። ፍሬምናጦስ፣ የእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ጵጵስና የተቀበለው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከቅዱስ አትናቴዎስ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመናት ጳጳሳት ከግብፅ ሲላኩ ቆይተው፣ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነዋል። የአቡ አል ዓባስ አል ሙርሲ መስጊድም በተመሳሳይ አክብሮት ይጎበኛል። ከአንዳሉስ፣ ማለትም ከዛሬዋ ስፔን፣ መጥተው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ያስተማሩት ሼህ ያረፉት በዚያ ነው። ልጆቻችን፣ ክርስቲያንም ሆኑ ሙስሊም፣ ሁለቱንም አብረው ያያሉ።

የጂኦግራፊ መምህራችንም ከባሕሩ ዳርቻ መንገድ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። ከተማዋ የምትጠጣው በቦይ የሚደርሳትን የናይልን ውኃ ነው፤ የዚያም ውኃ አብዛኛው የሚፈልቀው ከደጋችን ሲሆን፣ ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ያለውን የደለል ሜዳ፣ ዴልታውንም፣ በአመዛኙ የሠራው ከእኛ ተራሮች የታጠበው አፈር ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ስለሚቀር ባሕሩ የዴልታውን ዳርቻ እየሸረሸረ ነው፤ በምሽጉ ዙሪያ ማዕበል እንዲያግዱ የተደረደሩትን የኮንክሪት ድንጋዮች ልጆቹ ቀርበው ይመለከታሉ።

መዋኘት በመርሐ ግብሩ የለም፤ በማንኛውም ሁኔታም አይፈቀድም። ወቅቱ ለእስክንድርያ ክረምቷ ስለሆነ ከባሕሩ ዝናብ የቀላቀለ ኃይለኛ ነፋስ ይነሣል፤ ስለዚህ ዝናብ የማያስገባ ካፖርትና የተዘጋ ጫማ አስይዟቸው። ለአምልኮ ቦታዎቹ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ፣ ለሴቶች ልጆችም ነጠላ ወይም ሻሽ ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ፉልና በሩዝ፣ በምስርና በፓስታ የሚሠራው ኮሻሪ ስለሚገኝ አትስጉ።

ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ የሁለቱም ወላጆች የጽሑፍ ስምምነት፣ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለም የሐኪም ማስረጃ ለጽሕፈት ቤታችን እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስለ ወጪውና በክፍያ ስለሚቸገሩ ቤተሰቦች በግል ልታነጋግሩኝ የምትፈልጉ ሁሉ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር