በበግ ጠጉር የምንሠራው ቤት፦ ከደብረ ብርሃን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጆችና ወዳጆች፣

በደብረ ብርሃን ካሉት የተፈናቃዮች መጠለያዎች በአንዱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቶች ጋር ተቀምጠን ሹራብ እንሠራለን። የጀመርነው ለሕፃናት ኮፍያና ካልሲ ለማድረስ ነበር። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። አንድ ቅዳሜ ታዲያ አንዲት እናት የጀመሩትን ካልሲ አስቀምጠው፣ አራት ማዕዘን የሆነ ቡናማ ነገር ሲሠሩ አየኋቸው። መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አለው። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የቤቴ በር ነው» አሉኝ። ነጩ መስመር በሩ ሲሰነጠቅ ባለቤታቸው በቆርቆሮ የጠገኑት ቦታ ነበር። ከጎናቸው የነበሩት ሴቶችም የየራሳቸውን በር ያወሩ ጀመር። የአንዷ ወደ ምሥራቅ ይከፈት ነበር። የሌላዋ መቀርቀሪያ ከወይራ የተጠረበ ነበር። አንዲት ወጣት ደግሞ በሩን ሳይሆን በሩ ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ነበር የምታስታውሰው።

ይህን ጥሪ የምንጽፈው ያን ዕለት ስለሰማነው ነገር ነው። አንድ ሙሉ ቤት በእጅ በተሠራ ሹራብ ማቆም እንፈልጋለን። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል። በሩም መስኮቱም ከሹራብ ነው። ጣሪያ አይኖረውም፤ እናቶቹ አንዱንም አማራጭ ሳያነሱ በአንድ ድምፅ የወሰኑት ይህንን ነው፤ ከቤታቸው መጀመሪያ የሄደው ጣሪያው ነበርና። ግድግዳው ጎኑ 25 ሴንቲ ሜትር በሆኑ 720 ካሬዎች ይሸፈናል። እያንዳንዱን ካሬ አንድ ሰው ይሠራዋል፤ የሚሠራውም ከጠፋው ቤቱ የሚያስታውሰውን አንድ ነገር ነው።

ለምን ሹራብ? ለምን ሽመና አይሆንም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመንዝ ሰው በባናውና በበርኖሱ የታወቀ ነውና። በእኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ሽመና ግን ድርና ማግ ይፈልጋል፤ መሬት ላይ የተተከለ ዕቃ፣ የረጋ ቤት፣ የረጋ ጊዜ ይፈልጋል። ሌሊት ልጅ አዝሎ የሚሸሽ ሰው የሸማ ዕቃውን ነቅሎ ሊሄድ አይችልም። ሹራብ ሁለት መርፌና አንድ ልቃቂት ነው። በድንኳን ውስጥ ይሠራል፣ ለእርዳታ ወረፋ ተቀምጦም ይሠራል። ከዚህም በላይ ሹራብ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክር ነው። ክሩ በራሱ ላይ እየተቆለፈ ይሄዳል፤ አንድ ቀለበት ከመርፌው ካመለጠ ከሥሩ ያለው ሁሉ መተርተር ይጀምራል፤ በጊዜ የያዘው ሰው ግን መልሶ ያነሳዋል። ቤቱ የተተረተረበት ሰው ይህን ሥራ በእጁ ሲይዝ የሚሰማውን እኔ በቃላት ልገልጸው አልችልም። ቅዳሜ መጥታችሁ እዩት።

«ሹራብ የቤት እመቤት ማሳለፊያ ነው፣ ሥነ ጥበብ እንዴት ይሆናል?» የሚሉን ሰዎች አሉ። ጀርመናዊቷ ሮዘማሪ ትሮክል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማሽን የተሠሩ የሹራብ ሥዕሎችን በታላላቅ የሥዕል አዳራሾች ስትሰቅል የተነሣው ክርክር ይኸው ነበር። የሴት እጅ የነካው ነገር ለምን ዝቅ ተደርጎ ይታያል? መልሷን በሹራቡ ሰጠች። ዴንማርካዊቷ ማሪያን ዮርገንሰን ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. የኢራቅን ጦርነት በመቃወም አንድ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክን ከአፈሙዙ እስከ ሰንሰለቱ በሮዝ ሹራብ አለበሰችው። ካሬዎቹ ከ4,000 በላይ ነበሩ፤ የሠሯቸውም ከዴንማርክ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች የመጡ ፈቃደኞች ናቸው። የእኛ ሐሳብ ከዚህ ሥራ ብዙ ተምሯል። እሷ የጦር መሣሪያውን ሸፈነች፤ እኛ ደግሞ ጦርነቱ ያፈረሰውን ቤት ለማቆም እንሞክራለን። መንትዮቹ እህትማማቾች ማርጋሬትና ክርስቲን ወርትሃይም በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት አለት) አምሳያ ደግሞ የተሠራው በኪሮሽ ነው፤ እያንዳንዳችን ቤት ቴሌቪዥንና ሶፋ ላይ በምናነጥፈው የዳንቴል ሥራ ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ እጆች እየተጨመሩበት የባሕሩን መሞቅና የሕይወቱን መጥፋት የሚያሳይ ትልቅ ሥራ ሆነ። ከአገራችንም ኤልያስ ስሜ በክርና በልብስ ቁልፍ፣ በኋላም በኤሌክትሪክ ሽቦ የሠራቸው ሥራዎች በዓለም ቤተ መዘክሮች ተሰቅለዋል። ክር ትንሽ ነገር አይደለም።

የምንጠቀመው የመንዝ በግ ጠጉር ነው፣ ሳይነከር፣ በተፈጥሮ ቀለሙ፦ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ግራጫ። ይህን ያልነው ወጪ ለመቀነስ ብቻ አይደለም። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ብርዱን ተቋቁሞ የኖረ እንስሳ ነውና። ርካሽ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ገበያውን ከሞላው ወዲህ ግን የፈታዮቹ ቁጥር እየቀነሰ፣ ጠጉሩም በየመንደሩ እየተጣለ ነው። እኔ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሳድግ እናቴ እንዝርቷን ሳትይዝ ጎረቤት አትሄድም ነበር። አሁን እንዝርት የሚያሽከረክሩ አዛውንቶችን ለማግኘት ከሞላሌ እስከ አንኮበር ጠይቀናል፤ አግኝተናልም። ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ ለወጣቶቹ ለማስተማር ፈቃደኞች ሆነዋል። ይህ ለእኔ ከቤቱ የማያንስ ነገር ነው።

«ሰው ዳቦ ሲያጣ እናንተ የጠጉር ቤት ትሠራላችሁ?» የሚለውን ጥያቄም አንሸሸውም። ገንዘቡ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ሠሪዎቹ እጅ ነው። ለአንድ ካሬ 400 ብር እንመድባለን፦ 250 ብር ለሠሪዋ፣ 100 ብር ለፈታይዋ፣ 50 ብር ለጠጉሩና ለማጠቢያው። የ720 ካሬ ድምር 288,000 ብር ይሆናል። ለባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ለመጓጓዣና ለዝግጅቱ 62,000 ብር ሲጨመር ጠቅላላው 350,000 ብር ነው። እኛ አስተባባሪዎቹ ምንም አንወስድም። ከዚያ ደግሞ ቤቱ ታይቶ ሲያበቃ ካሬዎቹ የተሰፉበት ክር ብቻ ይፈታል፤ ካሬዎቹ ሳይበላሹ እንደገና ተገጣጥመው ብርድ ልብስ ሆነው በመጠለያው ላሉ አረጋውያን ይከፋፈላሉ። ሹራብ እንዲህ ያለ ቸርነት አለው።

ቤቱ ከጥምቀት በኋላ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ መንገዱ ሲፈቅድ ወደ አጣዬ እንወስደዋለን። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ምን እንደደረሰባት ለሰሜን ሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቤቱ የሚቆመው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከየትኛውም ብሔርና ሃይማኖት ይሁን፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሁሉ ካሬ መሥራት ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ረጅም ክርክር ተደርጎ ነው እዚህ የደረስነው፤ ውሳኔውም ጸንቷል።

ድጋፋችሁ በሦስት መንገድ ሊሆን ይችላል። በገንዘብ የምትረዱ ከአንድ ካሬ ጀምሮ የፈለጋችሁትን ያህል መሸፈን ትችላላችሁ። ሂሳቡ በሦስት እናቶች ስም የተከፈተ ሲሆን ያለ ሦስቱም ፊርማ አይወጣም። የሂሳብ ቁጥሩን ከየእድራችሁ ጸሐፊ ውሰዱ፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁም በቤተሰቦቻችሁ እድር በኩል ጠይቁ። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። በጉልበት የምትረዱ ደግሞ መፍተል፣ መሥራት ወይም ካሬዎቹን መስፋት የምትችሉ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መጠለያው ኑ፤ ለማያውቅ እናስተምራለን፤ ወንዶችም ጭምር። አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ከአምስት ሳምንት በኋላ ያለ ማንም እርዳታ አንድ ካሬ ጨርሰዋል።

ጠጉር የምትሰጡ ገበሬዎች በጋችሁን ስትሸልቱ ጠጉሩን በቀለሙ ለይታችሁ በየጆንያው አስቀምጡልን። አትጠቡት፤ እኛ በሞቀ ውኃ እናጥበዋለን፤ ከሆዱና ከእግሩ የሚወጣው አጭር ጠጉር ግን ለክር ስለማይሆን ለብቻው ይቀመጥ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ማድረቅ ስለምንፈልግ እስከ መስቀል ድረስ ቢደርሰን ይበቃል። ጆንያው ላይ የመንደራችሁን ስም ጻፉበት፤ ግድግዳው ላይ ከየትኛው መንደር የመጣው ጠጉር የት እንደገባ መዝግበን ልናሳያችሁ እንፈልጋለን።