ለቤተልሔሙ ኮሌጅ የምናደርገው መዋጮ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የምንሰበስበው ገንዘብ ለቤተልሔም መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ይውላል። «እዚያ ክርስቲያን ፍልስጤማውያን አሉ እንዴ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። አሉ፤ መልአኩ ለእረኞች ተገልጦባታል ከምትባለው ከቤተልሔም ጎረቤት ከተማ ከቤት ሳሑር ጭምር። ኮሌጁን እ.ኤ.አ. በ1979 የመሠረቱት ፍልስጤማዊው ቢሻራ አዋድ ናቸው፤ ወጣቶቹ ለነገረ መለኮት ትምህርት ወደ ውጭ እየሄዱ በዚያው ይቀሩ ስለነበር ነው። (ይህን ከአገር ወጥተን ለቀረነው ለእኛ ማስረዳት አያሻም።)

ኮሌጁ ከነገረ መለኮት ሌላ አስጎብኚዎችንም ያሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከተጀመረው የጋዛ ጦርነት ወዲህ ግን ጎብኚ ጠፍቶ ሆቴሎቹና የወይራ እንጨት ቅርጻ ቅርጽ ሱቆቹ ሥራ ፈቱ። ወላጅ ከየት አምጥቶ ይክፈል?

ቡናውን የእናቶች ኅብረት ያፈላል፤ ዳቦ የምትጋግሩ እስከ ዓርብ ንገሩን። ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ «ቤተልሔም» ብላችሁ ጻፉበት፤ ባለፈው ጊዜ ከዐሥራት ጋር ተደባልቆ ሒሳብ ያዣችን ሲለይ አምሽቷል።

የሚስዮን ኮሚቴው